መመሪያው ሲጻፍ ታማሚው የት ነበር?

በፌብሩዋሪ 2014 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የስዊስ የሕክምና ቦርድ የሚባለው ነፃ ገምጋሚ አካል ስለ ጡት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ያጠናውን ሪፖርት ይፋ አደረገ። ቦርዱ ጤነኛ ሴቶችን በዕድሜያቸው ብቻ እየጠሩ ማሞግራፊ የሚያነሱ አዳዲስ ፕሮግራሞች እንዳይጀመሩ፣ በሥራ ላይ ያሉትም የጊዜ ገደብ እንዲቀመጥላቸው መከረ። የአገሪቱ የሕክምና ማኅበረሰብ ተናወጠ። ሪፖርቱ ሴቶችን ግራ ያጋባል፣ የዓለም ባለሙያዎች ከተስማሙበትም ያፈነገጠ ነው የሚል ተቃውሞ ከየአቅጣጫው ወረደበት።

ክርክሩ ያረፈበት ቁጥር ይህ ነው። 1000 የ50 ዓመት ሴቶች ማሞግራፊ ባይነሱ በቀጣዮቹ አሥር ዓመታት አምስቱ በጡት ካንሰር ይሞታሉ፤ በየጊዜው ቢነሱ አራቱ። አንዲት ሴት ተረፈች ማለት ነው። ለእሷ መትረፍ ሌሎቹ የሚከፍሉት ዋጋ አለ። ካንሰር ሳይኖርባቸው «የሚያጠራጥር ነገር ታይቷል» ተብለው እንቅልፍ የሚያጡ፣ መርፌ ገብቶ ናሙና የሚወሰድባቸው አሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ባይነካ ኖሮ ዕድሜ ልክ ጉዳት የማያደርስ ዕጢ ተገኝቶባቸው ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና መድኃኒት የሚወስዱት ዕጣ ነው። በዚያው ወር የታተመው የካናዳ የ25 ዓመት ክትትል በማሞግራፊ ከተገኙት ካንሰሮች 22 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያሉ ናቸው ሲል ገምቷል።

ጄኔቭ ከ1999 ጀምሮ ዕድሜያቸው 50 የደረሰ ሴቶችን በየሁለት ዓመቱ በደብዳቤ የምትጠራ ካንቶን ናት። ዙሪክ ሪፖርቱ ሲወጣ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አልነበራትም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የባቡር መንገድ ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ የጤና መድን ሕጋቸው አንድ ነው፤ ሐኪሞቻቸው የሚያነቧቸው መጽሔቶችም አንድ ናቸው። ከዚህም አልፎ በዚያው በ2014 ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቭ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅት በማሞግራፊ ላይ የራሱን አቋም አሳተመ። የጤና ሥርዓታቸው በተደራጀና አቅም ባላቸው አገሮች ከ50 እስከ 69 ዓመት ላሉ ሴቶች ፕሮግራሙ ይካሄድ አለ። ነገር ግን ቅድመ ሁኔታዎችን አስቀመጠ፤ ከእነዚህም አንዱ የሴቲቱ ውሳኔ እሷ ዋጋ ከምትሰጠውና ከምትመርጠው ነገር ጋር እንዲስማማ የሚያደርግ የጋራ ውሳኔ አሠራር መኖሩ ነው።

አንድ ዓይነት ማስረጃ ይዘው ሁለት አካላት ወደ ተለያየ ምክር እንዴት ደረሱ? ከሁለቱ አንዱም ስሌቱን አልተሳሳተም። የሚለያዩት ሚዛኑ ላይ ነው። የአንዲት ሴት ሕይወት በስንት ሴቶች ጭንቀት፣ በስንት አላስፈላጊ ቀዶ ሕክምና ይመዘን? ለዚህ ጥያቄ ላቦራቶሪ መልስ የለውም። ማንኛውም የካንሰር ሕክምና መመሪያ ውስጡ ቢፈተሽ እንዲህ ያለ የሚዛን ፍርድ ይገኝበታል፤ ፍርዱም የሚሰጠው ስለ ሌላ ሰው አካልና ዕድሜ ነው። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ሚዛኑን የያዘው ማን ነው የሚለው ነው።

በስዊሱ ቦርድ ማን እንደያዘው እናውቃለን። ከአጥኚዎቹ ሁለቱ፣ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲዋ የሕክምና ሥነ ምግባር ምሁር ኒኮላ ቢለር-አንዶርኖና የበርኑ ኤፒዴሚዮሎጂስት ፒተር ዩኒ፣ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ላይ በጻፉት ጽሑፍ የቡድኑን አባላት በሙያ ዘርዝረዋል። ከእነሱ ሌላ የመድኃኒት ባለሙያ፣ የካንሰር ቀዶ ሐኪም፣ የነርሲንግ ተመራማሪ፣ የሕግ ባለሙያና የጤና ኢኮኖሚስት ነበሩ። ሰባት ሙያ፣ ሰባት መቀመጫ። የጥሪ ደብዳቤው ደርሷት ያመነታች፣ ወይም ታክማ የዳነች ሴት በሚል የተያዘ መቀመጫ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በዓመት እስከ አራት ጊዜ ሕዝቧን ድምፅ በምትጠይቅ አገር ይህ የሚያስገርም ጉድለት ነው።

ሁለቱ ጸሐፊዎች ግን አንድ ከባድ ነገር አንስተዋል። በ2003 የታተመ፣ የቲቺኖው ጂያንፍራንኮ ዶሜኒጌቲ የመሩትና የጄኔቩ ቶማስ ፔርኔገር የተሳተፉበት ጥናት በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ ያሉ ሴቶች ከማሞግራፊ ምን እንደሚጠብቁ ጠይቆ ነበር። ከአሜሪካውያኑ 71.5 በመቶ የሚሆኑት ምርመራው በጡት ካንሰር የመሞትን አደጋ ቢያንስ በግማሽ ይቀንሳል ብለው ያምኑ ነበር። ከ1000 ሴቶች ቢያንስ 80 ሰው ከሞት ይተርፋል ያሉት ደግሞ 72.1 በመቶ ናቸው። እውነቱ አንድ ሰው ነው። እንግዲህ ታማሚን እንጠይቅ ብለን ብንነሳ የምናገኘው መልስ በእንዲህ ያለ የተጋነነ ተስፋ ላይ የቆመ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ ውሳኔው ለባለሙያ ይተው» የሚሉ አሉ። እኔ የምደርስበት ድምዳሜ ተቃራኒው ነው። ሴቶቹ 80ን ከየት አመጡት? ለዓመታት በፖስተርና በዘመቻ «ተመርመሪ፣ ሕይወትሽን አትርፊ» ሲባሉ ቁጥሩን የነገራቸው አልነበረም። መረጃ የነፈገ አካል መረጃ የለህም ብሎ ከጠረጴዛው ሊያባርር አይገባም። ቦርዱም ራሱ ለሴቶች ግልጽና ሚዛናዊ መረጃ ይሰጥ ብሎ መክሯል፤ ከሪፖርቱ ውስጥ እኔ ያለ ማቅማማት የምቀበለው አንቀጽ ይህ ነው።

አሁን ወደ ጄኔቭ እንሂድና መመሪያ የሚሠራበትን ክፍል እንይ። በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት ምክሮቹን በአብዛኛው በማስረጃ ሳይሆን በተጋበዙ ሊቃውንት አስተያየት ላይ እንደሚመሠርት የሚያሳይ ጥናት በላንሴት መጽሔት ታተመ። ድርጅቱ በዚያው ዓመት የመመሪያዎች ገምጋሚ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በኋላም የመመሪያ አዘጋጆች መጽሐፉን አወጣ። መጽሐፉ በአዘጋጅ ቡድኑ ውስጥ ምክሩ በቀጥታ የሚነካቸው ሰዎች ተወካዮች እንዲኖሩ ያዛል። አሠራሩ ግሬድ የሚባለውን ዘዴ ይከተላል። ቡድኑ ጥናት ማንበብ ከመጀመሩ በፊት «የትኞቹን ውጤቶች እንመዝን?» ብሎ ይጠይቃል። ዕድሜ ማራዘም፣ ሕመም፣ ማስመለስ፣ መውለድ አለመቻል፣ ከቤት ርቆ መክረም እያሉ ይዘረዝሩና እያንዳንዱን ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጡታል። ከ7 እስከ 9 ያገኘው «ወሳኝ» ይባላል፤ ከ4 እስከ 6 «ጠቃሚ»፤ ከዚያ በታች ያለው የምክሩን አቅጣጫ የመለወጥ ዕድሉ ጠባብ ነው።

ይህች ሰዓት ናት ቁልፏ። በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ ነገር ማስረጃ አይፈለግለትም፤ ማስረጃ ያልተፈለገለት ነገር በመጨረሻው ሠንጠረዥ ላይ አይታይም፤ ያልታየ ነገር አልተመዘነም። ታማሚው በመጨረሻ ላይ ተጠርቶ ረቂቁን አንብበህ አስተያየት ስጥ ቢባል ከቃላት ማስተካከል ያለፈ ብዙ ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ «ታማሚ አሳትፈናል» የሚል መመሪያ ባየሁ ቁጥር የምፈልገው መቼ የሚለውን ነው።

ግሬድ ሌላም ነገር አለው፤ ብዙ ሐኪም እንኳን ልብ አይለውም። «ጠንካራ ምክር» ሲባል ማስረጃው ጠንካራ ነው ማለት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። የዘዴው ትርጓሜ ግን ታማሚውን መለኪያ ያደርጋል። በዚህ ሁኔታ ላይ ካሉ ሰዎች ነገሩን አውቀው አብዛኛዎቹ የሚመርጡት፣ እምቢ የሚሉትም ጥቂት የሆኑበት ምክር ጠንካራ ነው። አብዛኛዎቹ የሚመርጡት ሆኖ እምቢ የሚሉትም ብዙ ከሆኑ ምክሩ ሁኔታዊ ይባላል፤ ሐኪሙም ከታማሚው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይጠበቅበታል። ሰዎቹ ምን እንደሚመርጡ ሳይጠየቁ አንድን ምክር ጠንካራ ወይም ሁኔታዊ ማለት እንግዲህ በግምት መናገር ነው።

ግምቱ ምን ያህል እንደሚስት የሚያሳዩ የቆዩ ጥናቶች አሉ። በ1981 ባርባራ ማክኒልና ባልደረቦቿ 37 ጤነኛ ሰዎችን፣ እሳት አደጋ ሠራተኞችንና የኩባንያ ኃላፊዎችን፣ የተስፋፋ የጉሮሮ ካንሰር ቢይዛችሁ ምን ትመርጣላችሁ ብለው ጠየቁ። ማንቁርትን የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና 60 በመቶ የሚሆኑትን ለሦስት ዓመት ያቆያል፤ ድምፅን ግን ይወስዳል። ጨረሩ ድምፅን ያተርፋል፤ ለሦስት ዓመት የሚያቆየው ከ30 እስከ 40 በመቶውን ብቻ ነው። የዕድሜ ቁጥሩን ብቻ ለሚያይ ሐኪም መልሱ ግልጽ ነው። ከተጠየቁት ሰዎች ግን 20 በመቶ ያህሉ ድምፃችን ይትረፍልን፣ ዕድሜው ይጠር አሉ። የቤተ ክርስቲያን መሪጌታ፣ የሙአዚን፣ የመምህር፣ የዘፋኝ ኑሮ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በተቃራኒውም ይሆናል። በ1990 በእንግሊዝ የተደረገ ጥናት ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች፣ ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና ጤነኛ ሰዎችን ከባድ ኬሞቴራፒ ለመቀበል የሚያስፈልጋችሁ ትንሹ ጥቅም ምን ያህል ነው ብሎ ጠየቀ። ታማሚዎቹ ከሁሉም ይልቅ በጣም ለጠበበ የመዳን ዕድል ሲሉ መከራውን ለመቀበል ዝግጁ ሆነው ተገኙ። ጤነኞቹና ሐኪሞቹ «በዚህ ስቃይ ውስጥ ማለፍ አይገባውም» ብለው የሚያዝኑለት ሰው ራሱ ልሞክረው ይላል። ለታማሚ ማሰብና ታማሚን መጠየቅ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ ጥናት የበለጠ ያሳየኝ የለም።

ታማሚ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ምን ይለወጣል ለሚል ደግሞ የሮዝ ኩሽነር ታሪክ አለ። ኩሽነር አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ነበረች፤ በ1974 ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። በዚያ ዘመን ሴቲቱ በሰመመን ውስጥ እንዳለች ናሙና ይወሰዳል፤ ካንሰር ከሆነ እዚያው ሳትነቃ ጡቷ ከደረት ጡንቻዋ ጋር ይቆረጣል። ስትነቃ ደረቷን ዳብሳ ነው ውጤቱን የምታውቀው። ኩሽነር መጀመሪያ ናሙናው ብቻ ይወሰድ፣ ከዚያ አስቤ እወስናለሁ አለች፤ የሚስማማ ቀዶ ሐኪም ማግኘት ብርቱ ትግል ሆነባት። በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ስለ ጡት ካንሰር ሕክምና ባካሄደው የስምምነት ጉባኤ በፓነሉ ውስጥ ከሙያው ውጭ የሆነች ሰው እሷ ነበረች። ፓነሉ ሃልስተድ የሚባለው ያ ሙሉ ቆረጣ መደበኛ ሕክምና መሆኑ እንዲቀር መከረ፤ ናሙናና ቀዶ ሕክምናም በሁለት ጊዜ ይደረጉ አለ። ይህ ሁለተኛው ምክር ሴቲቱ ነቅታ፣ ሰምታ፣ ቤተሰቧን አማክራ እንድትወስን የሚያደርግ ነው። ለዓመታት ችላ የተባለውን ሐሳብ ወደ መመሪያ ያመጣው ሰመመኑን የፈራ ሰው ነው።

መቀመጫ መስጠት ብቻውን ግን አይበቃም። በሃያ ፕሮፌሰሮች መካከል አንድ ታማሚ ብቻውን ሲቀመጥ ዝም ይላል፤ ወይም ታሪኩን ተናግሮ ይጨበጨብለትና ነገሩ ወደ ሠንጠረዡ ይመለሳል። ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሰነዱ አስቀድሞ በሚገባቸው ቋንቋ ሊደርሳቸው፣ ለጊዜያቸውም እንደ ሌላው ሊከፈላቸው ይገባል። ሁለት ሰው ደግሞ የሁሉንም ሕይወት አያውቅም። እዚህ ላይ የዙሪክ ሥራ ይጠቅመናል። እነዚያው ቢለር-አንዶርኖ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ዲፔክስ የተባለውን የታማሚዎች የሕይወት ልምድ ማኅደር የስዊዘርላንድ ቅርንጫፍ መርተዋል። ዘዴው በኦክስፎርድ የተጀመረው ሐኪም ሆና የጡት ካንሰር በያዛት በአን ማክፈርሰንና ጉልበቱን በተቀየረው የመድኃኒት ሊቅ በአንድሩ ኸርክስሃይመር ነው። ለአንድ በሽታ ከ35 እስከ 50 የሚሆኑ ሰዎች፣ ወጣትና አረጋዊ፣ ከተሜና ገጠሬ፣ የዳነና ያልዳነ፣ ሆን ተብሎ ተለያይተው ይመረጣሉ፤ ረጅም ቃለ መጠይቅ ይደረግላቸዋል፤ የተናገሩት በርዕስ ይለያል። መመሪያ አዘጋጅ ቡድን እንዲህ ያለ ማኅደር በእጁ ካለ አንዱን ታማሚ የሁሉም ጠበቃ እንዲሆን አያስገድደውም።

የመመሪያዎች ጥራት መለኪያው አግሪ ሁለት በ2010 ሲወጣ ከ23 ጥያቄዎቹ አምስተኛውን የታማሚዎች አመለካከትና ምርጫ ተጠይቋል ወይ የሚል አድርጎታል። ጄኔቭ ላይ የተመሠረተው የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥምረት በ2021 የታማሚዎችን ትርጉም ያለው ተሳትፎ የሚደነግግ ቻርተር አወጣ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በሜይ 2023 የራሱን ማዕቀፍ አሳተመ። ወረቀቱ ስለዚህ አለ። በኒውዮርክ የስሎን ኬተሪንግ ካንሰር ማዕከል 766 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ መጠየቅ ጨዋነት ብቻ አለመሆኑን አሳይቷል። ኬሞ በሚወስዱበት ጊዜ የሚሰማቸውን ምልክት ራሳቸው በኮምፒውተር ሲያሳውቁ የነበሩት በመካከለኛ ስሌት 31.2 ወር ኖሩ፤ በተለመደው መንገድ የታከሙት 26 ወር። በ2017 የታተመው ይህ ውጤት ከብዙ ውድ መድኃኒት የሚበልጥ ነው።

ከጄኔቭ የሚወጣው መመሪያ አዲስ አበባ ሲደርስ ምን ይሆናል? ያ የዓለም ጤና ድርጅት የ2014 አቋም የጤና ሥርዓታቸው ደካማ በሆነባቸው አገሮች ለሁሉም ሴት ማሞግራፊ ማንሳትን አይመክርም፤ ምልክት ያየች ሴት ቶሎ ታክማ እንድትድን ቅድሚያ ይሰጥ ይላል። ለእኛ የሚስማማ ምክር ነው። በ2023 የወጣው የድርጅቱ የጡት ካንሰር ማዕቀፍ ደግሞ ሴቲቱ ጤና ተቋም ከመጣችበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ይጠናቀቅ፣ ከታማሚዎቹም 80 በመቶው የታዘዘላቸውን ሕክምና ይጨርሱ ይላል። የታዘዘላትን ያልጨረሰችው ሴት ለምን አቋረጠች? ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጎጃም ወይም ከወሎ ለመጣች እናት ጨረር ማለት ወረፋ፣ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይና የተበተኑ ልጆች ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ከ1 እስከ 9 ነጥብ ቢሰጠው ስንት ያገኛል? መልሱን የሚያውቁት በከተማው ማረፊያ አጥተው የተንከራተቱት ናቸው። አቶ ወንዱ በቀለ ሕፃን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በ2004 ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ መስጠቱ በአጋጣሚ አይደለም። ችግሩን የኖረበት ሰው መጀመሪያ የሚያየው አልጋውን ነው።

ሌላም ከእኛ ብቻ የሚመጣ ነገር አለ። አንትሮፖሎጂስቷ የውብዳር በየነ በ1992 ባሳተመችው ጽሑፍ በአሜሪካ ያሉ የኢትዮጵያ ስደተኞች ክፉ ዜና እንዴት እንዲነገራቸው እንደሚሹ ገልጻለች። ሐኪሙ ለታማሚው ፊት ለፊት ከመናገሩ በፊት ለቅርብ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይንገር፤ በምሽትም አይነገር። እንደ መርዶ ሁሉ ክፉ ወሬ የራሱ ሰዓትና የራሱ ሰው አለው። ለታማሚው ወዲያውኑ ሁሉንም ንገር የሚለው የምዕራባውያን መመሪያ ከዚህ ጋር ይጋጫል። ዛሬ ጄኔቭ ወይም ዙሪክ ሆስፒታል የተኛ ሐበሻም ይህ ግጭት ያገኘዋል፤ ቤተሰቡ ኮሪደር ላይ «አትንገሩት» እያለ፣ ሐኪሙ ሕጉን ጠቅሶ ሲገባ። ከሁለቱ ማን ትክክል ነው ለማለት አልቸኩልም። ብዙ ታማሚ ሳይነገረው ቀርቶ ሊሰናበት የሚገባውን ሰው ሳይሰናበት አልፏል፤ ይህም በደል ነው። ትክክለኛው አሠራር ግን ቀላል ነው፤ ገና ምርመራው ሲጀመር «ውጤቱን ለማን፣ በማን ፊት እንድንነግር ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅና በካርዱ ላይ መጻፍ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ስንል ጥፋቱን የምናሸክመው ለታማሚው ነው። ያልጠየቀው አካል ግን ተጠያቂ ሆኖ አያውቅም። የኢትዮጵያ ሐኪሞች ከሌሎች የአፍሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር የአሜሪካኑን የካንሰር መመሪያዎች ከአህጉሩ አቅም ጋር ሲያጣጥሙ ምን መድኃኒት፣ ምን መሣሪያ አለን የሚለውን በጥንቃቄ መዝነዋል፤ ትልቅ ሥራ ነው። የሚቀረው ሰዎቹ ምን ይፈልጋሉ የሚለው ነው።

ስለዚህ ቀጣዩን የካንሰር ሕክምና መመሪያ ለምታዘጋጁ የጤና ሚኒስቴር ባለሙያዎችና ሐኪሞች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የውጤቶቹን ዝርዝር ከማውጣታችሁ በፊት ሕክምናውን የጨረሱትን፣ ያቋረጡትንና ጨርሶ ያልጀመሩትን አነጋግሩ፤ ያቋረጡትን ደግሞ በተለይ። ትክክለኛውን ቁጥር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ንገሯቸውና ከዚያ ምን እንደሚመርጡ ጠይቋቸው። ከመካከላቸው ቢያንስ ሁለቱን ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ አስቀምጡ። መመሪያው ሲታተምም ፈቃደኛ ከሆኑ ስማቸው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከአዘጋጆቹ ስም ጎን ይጻፍ።